ቀይ ክር የታሰረበት ላንቺ ነው

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህትም እናትም ለሆንሽኝ ለአጎቴ ልጅ ለዘይነት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ቤትሽን በረካ ይሙላው፤ ባልሽን ኑርሑሴንን ከነሱቁ፣ ልጅሽን ሙአዊያን ከነወጣትነቱ ከክፉ ይሰውርልሽ። እኔና ልጄ ተስኒም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ደኅና ነን ያልሁት ለሰላምታ ያህል ነው። እኔ ደኅና አይደለሁም። በስልክ ያልነገርሁሽ ድምፁን ከፍ አድርገሽ፣ ቅመም እየመዘንሽ ስለምታናግሪኝ ነው። አጠገብሽ ባልሽ አለ፣ ልጅሽ አለ፣ ግማሽ ገበያው አለ። ዳታውም ከተዘጋ ወዲህ መልእክት መላላኩ ቀረ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ብዕር አነሣሁ። ብቻሽን አንብቢው።

እንቅልፍ አጣሁ፣ ዘይነት። ሐይዴ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ቀርቷል፤ የወር አበባ ካየሁ ቆየሁ። እሱ ከቀረ ጀምሮ አንዳች እሳት ከደረቴ ተነሥቶ ፊቴን ይለበልበኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል፤ መስኮት እከፍታለሁ፤ ከዚያ ይበርደኛል፤ እዘጋለሁ። እንዲህ ስል ይነጋል። ለማይረባ ነገር አለቅሳለሁ። ተስኒም «እማዬ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ እጮህባታለሁ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሆርሞንሽ እየቀነሰ ነው፣ በሽታ አይደለም፣ ከፈለግሽ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አለ አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ገላዬ ላይ አልለጥፍም ብዬ ወጣሁ። የተፈጥሮውን ነው የምፈልገው።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ወደ እናትሽ ይመጡ አልነበር? በጓሮ በኩል፣ ተሸፋፍነው። አንድ ነገር አፍልታ ታጠጣቸው ነበር። እኛን ልጆቹን «ውጡ» ስትል አንቺ ትልቅ ስለነበርሽ ትቀሪያለሽ። ምን ነበር የምትሰጣቸው?

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አቅመ ደካማ አዛውንት መጠበቅ ነው። ባለፈው ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝና አንዲት አሮጊት ሳላያቸው ከአልጋ ወደቁ። ደግነቱ አልተጎዱም። አለቃዬ ግን «አንድ ነገር ቢደገም ትሰናበቻለሽ» አለችኝ። የመኖሪያ ፈቃዳችን የሚታደሰው ሥራው ካለኝ ብቻ ነው፤ የእኔም የተስኒምም። እንቅልፍ ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

ይህን ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም። እናቴ ሞታ አባትሽ ቤት ስመጣ በጀርባሽ ያዘልሽኝ አንቺ ነሽ። ሐይቁ ዳር በነበረው ቤታችን «ተኚ፣ ካልተኛሽ ጉማሬው ይሰማሻል» እያልሽ ታስተኚኝ ነበር። አሁንም አስተኚኝ። ለኑርሑሴንም ቢሆን አትንገሪው፤ አፍራለሁ።

እህትሽ ሉባባ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለሉባባ፤

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ። የላክሽው ሰላምታ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሽ፤ ተስኒምን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ የሰው አገር አፈር አይንካሽ።

ደብዳቤሽን መጋዘን ገብቼ የአብሽ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። ኑርሑሴን «ማነው የጻፈልሽ፣ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ አለ?» ሲለኝ «አዎ፣ ካንተ የሻለ ተገኝቷል» አልሁት።

አንቺ ሞኝ! ያረጥሽ የመጀመሪያዋ ሴት መሰለሽ? እኔ ከዚያ እሳት ጋር ስንት ዓመት ተኝቻለሁ። ክረምቱን ሙሉ ብርድ ልብሱን እኔ ስገፋ ኑርሑሴን ሲጎትት፣ ሰውየው ጉንፋን ሳይለቀው ዓመት ሞላው። አሁን ሄደልኝ። ይሄዳል፣ ሉቤ። አትፍሪ።

እማማ የምትሰጣቸው ጦስኝ ነበር። ሴቶቹ ግን ጦስኙን ይዘው ምክሯን ጥለው ይሄዱ ነበርና «እነዚህስ ለቅጠል ብለው ነው የመጡት» ትል ነበር። ምክሯ ይኸውልሽ። ከቀትሩ ዙህር በኋላ ቡና የለም። እኔ ቡና ስቀንስ ራሴን ሊፈልጠው ደርሶ ነበር፤ ቻይው። እራትሽ ቀለል ይበል፤ ማታ በርበሬ የለም፤ በእሳት ላይ እሳት ምን ያደርግልሻል? ከንጋቱ ሱብሂ በኋላ ተመልሰሽ አትተኚ፤ ወጥተሽ ተራመጂ፤ ፀሐይ ባይኖር ብርሃኑ ዓይንሽን ያግኘው። ጠዋት ተልባ ቆልተሽ ወቅጠሽ በውኃ ጠጪ። ማታ ጦስኙን በቁንጥር አፍልተሽ ጠጪ። ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። መኝታሽ ይቀዝቅዝ፣ ይጨልም። እማማ «እንቅልፍ እንግዳ ነው፤ ቤት ሳይሰናዳለት አይገባም» ትል ነበር።

ጦስኙ ከጉና የመጣ ነው። ጭራሮውን በእጄ ለቅሜ አውጥቼልሻለሁ። ሙአዊያ በነጭ ከረጢት አድርጎ በቀይ ክር አሰረልኝ፤ ሻይ ቅጠል ነው አልሁት። በፖስታ ልኬዋለሁ። ሳይፈታ ሳይከፈት መድረሱን ጻፊልኝ።

እኛ እንዳለን አለን። መንገዱ አንድ ቀን ተከፈተ ሲባል አንድ ቀን ይዘጋል። ሙአዊያ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ወጥቶ እስኪገባ ነፍሴ ከእኔ ጋር አይደለችም፤ የወጣት ልጅ እናት መሆን በዚህ ዘመን ምን እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። በቅርቡ ደግሞ ከዘንዘልማ ጫት ከሚጭኑ ልጆች ጋር መዋል ጀምሯል። አባቴ ቢኖር ደጁን አያስረግጠውም ነበር። አንቺና እኔ ያን ቅጠል በእጃችን ሳንነካው ነው ያደግነው።

በይ ተኚ፤ ጉማሬው እንዳይሰማሽ።

እህትሽ ዘይነት


ጎተንበርግ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለዘይነት፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ። እማማን አላህ በጀነት ያኑራት፤ አንቺንም ከምስጋናዬ ጋር ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ።

ደርሶኛል። ሳይከፈት ነው የደረሰው፤ ቀዩ ክር እንኳ አልተነካም።

ተኛሁ፣ ዘይነት! መጀመሪያ ለውጥ አልነበረም፤ ቡናውን ስተው ተስኒም እንኳ ሸሸችኝ። ያልሽውን ግን አንድ ሳላጓድል ያዝሁ። ጠዋት ጠዋት በጨለማ ካፖርት ለብሼ ወንዙ ዳር እሄዳለሁ፤ ሰው ሁሉ ውሻ ይዞ ይሄዳል፣ እኔ ባዶ እጄን። ተልባውን ተስኒም «ይኼ ሙጫ ነው» ትላለች። ማታ ጦስኙን ሳፈላ ቤቱ የእማማን ጓዳ ይሸታል፤ ምናልባት የሚያስተኛኝ እሱ ይሆናል። ሙቀቱ አሁንም ይመጣል፤ ግን መጥቶ ይሄዳል፣ እኔም መልሼ እተኛለሁ።

ትናንት አለቃዬ «ፊትሽ ተመለሰ» አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ፤ የደስታ ነው። ጦስኙ እያለቀ ነውና ረመዳን ሳይገባ ትንሽ ላኪልኝ። ሙአዊያን አይዞህ በይልኝ። ዱዓዬ ውስጥ አለ።

ሉባባሽ


ባሕር ዳር፣ የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉባባ፤

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። መጪውን ረመዳን በሰላም ያስጹምሽ፤ ዱዓሽን ይቀበልሽ፤ የተስኒምን ነገር ያሳምርልሽ፤ ሥራሽን ያጽናልሽ፤ ከሰው ዓይን፣ ከሰው አፍ ይጠብቅሽ። ተኛሁ ያልሽኝን ሳነብ ደስ አለኝ።

ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ቀይ ክር የታሰረበት ላንቺ ነው። ሰማያዊ ክር የታሰረበት ሽፈራው ነው፤ ተፈጭቷል፤ ለሙአዊያ ጓደኛ ዘመድ ነው፤ ስኳር አለበት መሰለኝ። ሰውየው ራሱ መጥቶ ይወስዳል። እንዳለ ስጪው፤ አትፍቺው፤ ነፋስ ከነካው ኃይሉ ይጠፋል ይላሉ።

ስምሽን በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ የቤትሽንም አድራሻ አስተካክለሽ ላኪልኝ። ያለፈው ፊደሉ ተዛብቶ ነበር።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርሁት። ሁላችንም ደኅና ነን።

ዘይነት


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘይነት፤

ዒድ ሙባረክ። አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበለን። አድራሻዬን ከታች በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ።

ሣጥኑ ደርሷል፤ ሰውየውም መጥቶ ወስዷል። የአገሬ ሰው ብዬ ሳንቡሳ አቅርቤ ነበር፤ አልተቀመጠም። ስሙን ጠየቅሁት፤ «የሙአዊያ ሰው ነኝ» ብሎ ሄደ። የታመመ አይመስልም፤ ስኳር ቢኖርበት ደረጃውን እንዲያ አይሮጠውም ነበር። ከዚያ ሁሉ ሣጥን ለእኔ የደረሰኝ ግን አንድ እፍኝ ነው። ምን ሆነሽ ነው? ታመሽ ይሆን?

አንድ ነገር ከፋኝ፣ አልደብቅሽም። ሣጥኑ ላይ በእንግሊዝኛ ምን እንደተጻፈ አይተሻል? «ለማረጥና ለእንቅልፍ የሚሆን የሴቶች ሻይ» ይላል፤ በትልቁ፣ ከስሜ ሥር። ፖስታውን የሚሰጠው ልጅ አንብቦ ፈገግ አለ። ለኑርሑሴን እንኳ አትንገሪ ያልሁሽን ማን ጻፈው? ሙአዊያ ከሆነ እንዴት አወቀ?

መልስሽ እስኪመጣ ብዙ አስባለሁና ቶሎ ጻፊልኝ።

ሉባባ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘይነት፤

ሰላም ይድረስሽ።

ለደብዳቤዬ መልስ የለም። ሣጥን ግን መጣ። ባለ ሰማያዊ ክር ብዙ፤ ባለ ቀይ ክር አንዲት ትንሽ፤ እሷም ጭራሮ። አንቺ በእጅሽ የለቀምሽው አልነበረም፤ ወዲያው አወቅሁት። ሰውየውም ቀረ። ጦስኜ አለቀ፤ እዚህ ደግሞ በዚህ ወር ሌሊቱ አይጨልምም፤ እሳቱ ተመልሶ መጣብኝ። ሽፈራውማ ለሆርሞን ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ደግሞም ከእህቴ ቤት የመጣ ነው ብዬ አንዱን ፈታሁ። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ፣ ከማር ጋር አፍልቼ ጠጣሁ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ድካሜ ጠፋ፤ ቤቱን አጠብሁ፤ መጋረጃ አወረድሁ፤ ከተስኒም ጋር ስለፈልፍ ዋልሁ። እንቅልፍ ግን ጭራሽ ጠፋ። ልቤ ደረቴን ሊበሳ ይደልቃል። እህል አስጠላኝ። ሆርሞኔ አብዷል ብዬ የበለጠ ጠጣሁ። በመጨረሻ ሥራ ላይ አንድ ሽማግሌ እየደገፍሁ ሳለ ሁለታችንም ወደቅን። እሳቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። እኔን ሐኪም ቤት ወሰዱኝና መርምረው «የሚያነቃ ዕፅ ሰውነትሽ ውስጥ ተገኝቷል» አሉኝ። በቁርኣን ማልሁላቸው። እኔ? ዕፅ? አለቃዬ ዓይኔን ሳታይ ነው የሥራ መታወቂያ ካርዴን የተቀበለችኝ።

ሰውየው በማግሥቱ መጣ። የተፈታውን ከረጢት አየና «ማን ነካው?» ብሎ ጮኸ። ለእንቅልፍ ጠጣሁት አልሁት። ዘይነት፣ ሰውየው ሣቀ። ሣቁ አላስቆም ብሎት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ይኼ እኮ ጫት ነው፤ ደርቆ የተፈጨ ጫት» አለኝ። እዚህ አገር ጫት ያሳስራል፤ ታውቂያለሽ? በእኔ ስም፣ በእኔ ቤት፣ ልጄ በተኛችበት።

ሙአዊያ አታሎሽ ነው ብዬ ላምን ፈለግሁ። «ምስኪን እናቱ ብታውቅ» አልሁት። እሱ ደግሞ «እናቱ አይደለች እንዴ በእጇ የምታስረው? ያረጠች ሴት ሻይ ማንም አይፈትሽም ያለችው እሷ ናት» አለኝ።

ውሸቱን ነው በይኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ሉባባ


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለልጄ፣ ለሉባባ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ያጽናሽ፤ የመጣውን መዓት ይመልሰው።

ምን ብዬ ልጀምር? ከአንቺ ተለይቶ የተበላ እህል ጉሮሮዬን አይወርድም፤ ታውቂዋለሽ። እንዳትጠጪው እኮ አትፍቺ ብዬሽ ነበር። ለምን ፈታሽው?

የሰው ወሬ አትስሚ። ያ ሰው ያለውን ትቼ የእኔን ስሚኝ። በዚህ ዓመት ከሰፈራችን ስንቱ ልጅ እንደወጣ ቀረ። ሙአዊያ ወደ ገበያ ሲሄድ እንኳ ከድልድዩ ወዲህ እስኪመለስ ቆሜ ነው የምጠብቀው። ያ ሰው የቪዛ ጥሪ አዘጋጅቶ ወደዚያ ሊወስደው ቃል ገብቷል። የወለደ አንጀት ምን እንደሚያደርግ ተስኒም አለችሽና አንቺ አታጪውም። ላንቺ ሦስት ሣጥን ምንም አይደለም፣ ለእኔ ግን ልጄ ነው ብዬ አሰብሁ።

አሁን የምልሽን በጥሞና ስሚ። ሌላ ሣጥን ከዚህ ከወጣ ቆይቷል፤ አልደረሰም ይላል ሰውየው። ተይዞ ከሆነ ይጠሩሻል። ሲጠሩሽ «ራሴ ነኝ ያዘዝሁት፤ እንቅልፍ ስለማጣ ለራሴ ነው» በይ። የሐኪም ወረቀት አለሽ፤ ታማሚ ነሽ፤ እዚያ አገር ለታማሚ ያዝናሉ። የሙአዊያ ስም ከተነሣ ግን ጉዞው ቀረ፤ ልጄ እዚሁ ቀረ ማለት ነው። በአባቴ ይዤሻለሁ፤ በበላሽው እንጀራ ይዤሻለሁ።

ጦስኝ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ዘይነት


ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዘይነት፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጠሩኝ። አስተርጓሚው የጎንደር ልጅ ነው፤ ከተስኒም ብዙም አይበልጥም። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፖሊሷ በላዩ የተጻፈውን አነበበች፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ስለ ማረጤ ተረጎመልኝ። ሐይድዎ የቆመው መቼ ነው፣ ሙቀቱ የጀመረዎት መቼ ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ለእርስዎ በሹክሹክታ የነገርሁት ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ።

እንዳዘዙኝ አላልሁም። የማውቀውን እውነት ተናገርሁ። የሙአዊያን ስም እነሱ ናቸው የጠሩት፤ ከሰውየው ስልክ ላይ አግኝተውታል። «ታውቂዋለሽ?» ሲሉኝ «አዎ፣ አዝዬዋለሁ» አልሁ። በልጅነቱ አዝዬው ነበርና። እሱን ስናገር አለቀስሁ፤ አለመዋሸቴን ግን አልተጸጸትሁበትም። ተስኒምም የሰው ልጅ ናት። የወለደ አንጀት ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

ሥራው ሄዷል። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ተይዟል፤ እስከ ገና እንጠብቃለን። ተስኒም ትምህርት ቤቷን ትታ ወደማታውቀው አገር ትመለስ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ሰው ስለ እንጀራ ያነሣል፤ በእርስዎ ቤት የበላሁትን እንጀራ ወጡን ጨምሬ የመለስሁት መሰለኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ ድሮ ስለ ፈረስ ይመስለኝ ነበር።

ለእንቅልፌ ካሰቡልኝ፣ እተኛለሁ። ነርሷ ጋ ተመልሼ ያን የሚለጠፈውን ወሰድሁ። ጠዋት መራመዱን፣ ቡና መተዉን፣ መኝታ ማቀዝቀዙን አልተውሁም፤ እሱ የእማማ ነው፣ የእርስዎ አይደለም። የላኩት ጦስኝ ግን እስካሁን ክሩ አልተፈታም። አልጠጣውም፤ እንዳልጥለው ደግሞ የእማማን ጓዳ ይሸታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ከዚህ በኋላ አልጽፍም። ያቺ የመጀመሪያዋ፣ በኅዳር የላኳት፣ ጭራሮዋን የለቀሙላት፣ ለእኔ ነበረች ወይ?

ሉባባ


ባሕር ዳር፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሉባባ፤

ወዐለይኪ ሰላም። «እርስዎ» ያልሽኝን ሳነብ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ፤ ከዚያ የእጅሽን ጽሑፍ አየሁት።

የሙአዊያ ጉዞ ቀርቷል። ለወቀሳ አይደለም የምነግርሽ። ቀኑን ሙሉ በር ዘግቶ ይተኛል፤ እኔም ደጁ ላይ ተቀምጬ ትንፋሹን እሰማለሁ።

ለጠየቅሽኝ በአላህ ፊት እመልስልሻለሁ። ጦስኙን ሳጠራልሽ አንቺን እያሰብሁ ነበር፤ በእማማ ወንፊት ነፋሁት፤ እያለቀስሁ ነው የነፋሁት። ለአንቺ ነበረች። ሙአዊያ ግን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ክሩን ሲያስር «እማ፣ ይኼ ሳይከፈት ይደርስ ይሆን?» አለኝ። እኔም ለምን እንደጠየቀኝ ገባኝ፤ ገብቶኝ ዝም አልሁ። ለዚያ ነው ሳይፈታ መድረሱን ጻፊልኝ ያልሁሽ።

በጥር የጻፍሽው ደብዳቤ መጣ። ተኛሁ አልሽኝ፤ ክሩ እንኳ አልተነካም አልሽኝ። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ደስ አለኝ፣ ሉቤ። አንዱን ነበር የነገርሁሽ።

ዘይነት